«አይሆንም» እያሉ ገንዘቤን ያተረፉልኝን መካኒክ ላመስግን

ሰላም የጅማ ልጆች፣ ሰላም የኮሮላ ዲኤክስ ወዳጆች። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። «ሰው ይበዛብኛል፣ እኔ ደግሞ አንድ ነኝ» ነው ያሉት። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የአሜሪካ ማስል ካር ነፍሴ ነው። መካከለኛ መኪና ላይ ትልቅ ቪ8 ሞተር መጫን፣ ጉልበቱን ሁሉ ለኋላ ጎማ መስጠት። ፖንቲያክ ጂቲኦ በ1964 እ.ኤ.አ. 6.4 ሊትር ሞተር ይዞ ወጣ፣ ፎርድ ሙስታንግም በዚያው ዓመት ተከተለ። የቅዳሜና እሁድ መኪና ይኑረኝ ብዬ ስነሳ በሐሳቤ የነበረው እሱ ሙስታንግ ነው። ግን ከየት ይመጣል? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ የጣለውን ታክስ ታውቁታላችሁ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። ያለው አማራጭ አገር ውስጥ ካለው መምረጥ ነው።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ሳወራ ሻያቸውን ፉት እያሉ ሰሙኝ። ከዚያ «ልጄ፣ የምትፈልገው ስሙን ነው ወይስ መንዳቱን?» አሉኝ። መንዳቱን ነው አልኳቸው። «እንግዲያው ከኋላ የሚገፋ፣ ቀላል፣ ዕቃው የማይጠፋ መኪና ፈልግ።»

ከኋላ የሚገፋ አሮጌ መኪና አገራችን ሞልቷል። ፊያት 124 አለ። ላዳም አለ፣ ያው የፊያት 124 ልጅ ነው። ፔጆ 504 ምቾቱ ሌላ ነው፣ ለመጠምዘዝ ግን ይከብዳል። ጋሼ የመረጡልኝ ኮሮላ ዲኤክስ ነው፣ ኬኢ70 የሚባለው። ቶዮታ ማምረት የጀመረው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ባለ አራት በር ኮሮላ ከፊት የሚጎትት ሆነ። ክብደቱ ከአንድ ቶን በታች ነው። የኋላው ጥምዝ ሞላ እንጂ ባልስትራ (ተደራራቢ ብረት) አይደለም፣ ስለዚህ ለማስተካከል ይመቻል። ሞተሩ 1.3 ሊትር ሆኖ ጉልበቱ ወደ 60 ፈረስ ቢሆን ነው። ሳቃችሁ? እኔም ስቄ ነበር።

ደላላ ያሳየኝን የመጀመሪያውን ዲኤክስ ጋሼ ናቸው ያስጣሉኝ። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ወንበሩ አዲስ ተለብሷል። ጋሼ ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት አወጡ። በሩ ላይ ያዘ። ኮፈኑ ላይ ያዘ። ከኋላ ጎማው በላይ ሲያስጠጉት ግን ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነበር። ከዚያ ምንጣፉን ገለጡና በጣታቸው ወለሉን ጫን ጫን አደረጉት። ባትሪው የተቀመጠበትን ሥርም አዩ። ደላላው «ጋሼ፣ መኪና ነው የሚገዛው ወይስ ብረት?» ሲል «ብረቱን ነው፣ ሞተር በኋላ ይሠራል» አሉት። የጅማ ዝናብ ብረት እንዴት እንደሚበላ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በመጨረሻ የገዛሁት ቀለሙ የደበዘዘ፣ ሞተሩ የሚያጨስ፣ ላሜራውና ሻንሲው ግን ደረቅ የሆነ መኪና ነው።

አሁን ወደ ማሻሻሉ። እኔ ጉልበት ጉልበት እላለሁ፣ ጋሼ ፍሬን ፍሬን ይላሉ። እውነት አላቸው። ያ የምመኘው ሙስታንግ እንኳ መጀመሪያ ሲወጣ አራቱም እግሩ ታምቡር ፍሬን ነበር። ዲስክ የመጣው በኋላ ነው፣ እሱም ተጨማሪ ተከፍሎበት። የእኔ ዲኤክስ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ነው። ጋሼ የፍሬን ቱቦዎቹን በሙሉ ቀየሩ። ዘይቱንም አፍስሰው ዶት 4 ሞሉበት። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ፣ የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውኃ ይስባል። አዲሱ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ውኃ ሲገባበት ግን 155 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው አይቆምም። የጊቤን ቁልቁለት ፍሬን እየረገጠ የወረደ ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል። በየሁለት ዓመቱ ቀይር ብለውኛል።

ጎማው ላይ ደግሞ የማላውቀውን አሳዩኝ። ሻጩ ያመጣው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ አዲስ ይመስላል። ጋሼ ተንበርክከው የጎማውን ጎን በአውራ ጣታቸው ጠረጉና አራት ቁጥር ያለባት ትንሽ ሞላላ ሳጥን አሳዩኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች የተመረተበት ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። 1411 ይላል። በ2011 እ.ኤ.አ. የተመረተ ጎማ ነው በአዲስ ዋጋ የመጣልኝ! መለሱት። የፋብሪካው ልክ 155/80 ባለ 13 ነበር፣ እሳቸው 175/70 አደረጉልኝ። ሰፋ ብሎ መሬት ይይዛል፣ ቁመቱ ግን ያው ስለሆነ የፍጥነት መቁጠሪያው አይዋሽም።

ከዚያ በፊት ያማከርኩት አንድ ጋራዥ ነበር። «ሞላውን ቆርጠን ዝቅ እናርግልህ፣ ያምርበታል» ብለውኝ ነበር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ አይሆንም አሉ። የተቆረጠ ሞላ መኪናው ወደ ላይ ሲነሳ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል፣ ሾኩም ቶሎ ይሞታል። ይልቅ አራቱንም ሾክ በአዲስ ተኩ፣ የደረቁትን ጎሚኒዎች አወጡ። መኪናው አልተቀየረም፣ ወደ ድሮው ተመለሰ ብል ይሻላል። መሪው ላይ የነበረው ወዲያ ወዲህ ማለት ጠፋ።

ሞተሩ ደግሞ ተርሞስታት (ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ዕቃ) አልነበረውም። የቀድሞ መካኒክ አውልቆ ጥሎታል። «እንዳይሞቅ» ተብሎ ስንቱ መኪና ላይ እንደተጣለ ጋሼ ሲያወሩ ይናደዳሉ። ሞተር የራሱ ሙቀት አለው፣ ቀዝቅዞ ሲሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ፋሻውም (የፒስተን ቀለበቱ) ቶሎ ያልቃል። በ82 ዲግሪ የሚከፍት አዲስ አስገቡ፣ ራዲያተሩንም አሳጠቡ። ጭሱ የጠፋው ፋሻው ተቀይሮ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ቶርኖ ቤት ደርሶ ከመጣ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች አወጡና ነጭ ወረቀት ላይ ደረደሯቸው። ጫፋቸው ጥላሸት ብቻ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያልፋል። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ካርቡሬተሩ ግን ለዝቅተኛ ቦታ እንደተለካ ነዳጁን ያፈሳል። ጋሼ ነዳጁ የሚያልፍባትን ጂግለር አነስ ባለች ቀየሩ። ካንዴላው በሚቀጥለው ሳምንት ሲወጣ ጫፉ የተቆላ ቡና ሆኖ ነበር። በነገራችን ላይ እዚህ ከፍታ ላይ ሞተር ከጉልበቱ መቶኛ ከአሥራ አምስት በላይ ያጣል። ስለዚህ የእኔ 60 ፈረስ በተግባር 50 ናት። አሁንም ሳቁ።

እኔ በዚህ መሐል ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። የድሮው ኮሮላ ኤኢ86 ላይ ያለው ባለ 16 ቫልቭ 1.6 ሞተር፣ ፎርኤጂኢ የሚባለው፣ ቢገባበትስ? ጉልበቱን እጥፍ ያደርገዋል። ጋሼ ብዙ ብር የሚያገኙበት ሥራ ነው። እሳቸው ግን ቁጭ አድርገው ቆጠሩልኝ። ሞተር ሲቀየር ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ይቀየራል፣ ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ አሳውቀህ ማጽደቅ አለብህ። ካምቢዮው አይችልም። ዲፈረንሻሉ አይችልም። ፍሬኑ እንደገና ይታሰባል። «መጀመሪያ ይህችን 50 ፈረስ ጨርሰህ ንዳት፣ ካነሰችህ ተመለስ» አሉኝ። እስካሁን አልተመለስኩም።

የት ነው የምትነዳው ለምትሉኝ፣ መንገድ ላይ አይደለም። የአጋሮ መንገድ ጠመዝማዛው ያስጎመጃል፣ ግን ባጃጅ አለ፣ ከብት አለ፣ ተማሪ አለ። እዚያ እንደ ማንም ሰው ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። የምጫወተው አንድ ዘመዴ ያለው የቡና መጋዘን ግቢ ውስጥ ነው፣ እሁድ ሥራ በሌለበት፣ በፈቃድ። ያረጁ ጎማዎች ደርድረን በመሐላቸው እንጠማዘዛለን። እዚያ ቦታ ላይ በሁለተኛ ማርሽ መሪውን ስትጠመዝዙት ጀርባው ፈታ ሲል የሚሰማው ደስታ ቪ8 አይጠይቅም።

በማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ብቻ ተሟግቼ አሸነፍኳቸው። ድምፁ ትንሽ ወፈር እንዲል አድርገውልኛል። «ጎረቤትህ ከተቆጣ ስሜን አትጥራ» ብለዋል።

ስለ ሂሳብ ላንሳ። የወጣውን ዕቃ በሙሉ በፌስታል አድርገው መልሰው ይሰጣሉ፣ የተገዛውን ከነደረሰኙ። ያልተሠራ ሥራ አይጽፉም። የሚረዳቸው ልጅም የተመሰገነ ነው፣ ቁልፍ ሲያጠብቅ ሁለት ጊዜ ያያል።

ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ። ስልክ አያነሱም። «ነገ» ካሉ ከነገ ወዲያ ማለት ነው። ዓርብ ከጁምዓ በፊት ሄዳችሁ ካላገኛችኋቸው፣ እስከ አሥር ሰዓት አትጠብቁ። ቀለምና ላሜራ አይሠሩም፣ ለእሱ ሌላ ሰው ይጠቁሟችኋል።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ካነበበልዎት፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። እናንተ ደግሞ አሮጌ መኪና ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ውሰዷቸውና ያዩላችሁ። ከከፈላችሁ በኋላ ከሄዳችሁ መኪናውን ሳይሆን እናንተን ነው የሚፈትሹት።