ውል፣ ቆጣሪና ደረሰኝ፦ ለወጣት ተከራዮች የምትሠራ የጀሞ ኮፒ ቤት

ጀሞ አካባቢ፣ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ሁለት ኮምፒዩተር፣ አንድ ትልቅ የኮፒ ማሽንና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ብቻ የያዘች የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለች። ከውጭ ለሚያያት እንደ ሌሎቹ ሁሉ ማመልከቻ የሚጻፍባትና መታወቂያ የሚባዛባት ቤት ትመስላለች። እኔ ግን ባለፉት አሥር ወራት ውሌን ያጻፍኩት፣ የመብራት ሒሳብ አከፋፈል የተማርኩትና የክፍያ ወረቀቶቼን በሥርዓት መያዝ የጀመርኩት በዚችው ቤት ነው። ስለዚህ ተከራይተው ኑሮን ለብቻቸው ለጀመሩ ወጣቶች የምትሰጠውን አገልግሎት፣ ጥንካሬዋንም ጉድለቷንም ጨምሬ፣ በዝርዝር መጻፍ ፈለግሁ። ባለቤቷ በእድሜ እናቶቻችን የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ ደንበኞቻቸው ሁሉ «እትዬ» ስለሚሏቸው እኔም በዚሁ መጠሪያ እቀጥላለሁ።

ወደ እርሳቸው የሄድኩት ተጎድቼ ነበር። ከዚያ በፊት በተከራየሁበት ግቢ ኪራዩንም፣ ውሃውንም፣ መብራቱንም በጥሬ ገንዘብ እከፍል ነበር፤ ደረሰኝ መጠየቅ ሰውን መጠርጠር ስለሚመስለኝ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ልወጣ ስል የአራት ወር የውሃ ሒሳብ እንዳልከፈልኩ ተነገረኝ። መክፈሌን አውቃለሁ፤ የማሳየው ነገር ግን አልነበረኝም። ዕቃዬ ተጭኖ መኪናው ደጅ ላይ እየጠበቀኝ ስለነበር 2,400 ብር ደግሜ ከፍዬ ወጣሁ። አብረውኝ ከሚሠሩት፣ ከክፍለ ሀገር መጥተው ቤት ከተከራዩት ልጆች መካከል ተመሳሳይ ነገር ያልደረሰበት ጥቂት ነው። ትምህርት ቤት ማመልከቻ መጻፍ ተምረናል፤ ውል ማንበብን፣ የቆጣሪ ቁጥር መመዝገብንና ደረሰኝ ማስቀመጥን ግን ያስተማረን አልነበረም።

ለአዲሱ ቤት ውል ለማጻፍ ከአከራዬ ጋር የገባን ዕለት፣ እትዬ በመጀመሪያ የጠየቁኝ የኪራዩን ዋጋ አልነበረም። «ልጄ፣ ቆጣሪው ስንት ላይ ነው ያለው?» አሉኝ። «አላየሁትም እትዬ» አልኳቸው። «እንግዲያው ሄዳችሁ አይታችሁ ኑ፤ ወረቀቱ የትም አይሄድም» ብለው ተራ የደረሰውን ሰው ጠሩ። አከራዬ፣ ጡረታ የወጡ አባት፣ ለጊዜው ቅር ቢላቸውም አብረን ሄደን የመብራቱንም የውሃውንም ቆጣሪ በስልክ ፎቶ አንሥተን ተመለስን። ሁለቱም ቁጥሮች ከነቀናቸው ውሉ ላይ ሰፈሩ። የቁልፉ ብዛት፣ የተሰነጠቀው የመስኮት መስታወት፣ የሚያንጠባጥበው የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ሳይቀር በሌላ ገጽ ተዘርዝሮ ሁለታችንም ፈረምንበት። ቤቱን ስረከብ የነበረው ጉድለት ነገ በእኔ ላይ እንዳይቆጠር የሚጠብቀኝ ይህ አንድ ገጽ ነው፤ ከቤቷ አገልግሎት ሁሉ ለእኔ የሚበልጥብኝም እርሱ ነው።

በእትዬ መሳቢያ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅጂ አለ፤ ብዙ እጅ ስለነካው ጠርዙ ተላልጧል። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲደረግና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይደነግጋል። አከራዬ የሦስት ወር ቅድመ ክፍያ ጠይቀውኝ ነበር። እትዬ አልተከራከሯቸውም፤ አንቀጹን ገልጠው ወረቀቱን ወደ እርሳቸው አዞሩና «ጋሼ፣ ይችን ያንብቧት፤ ወረዳ ሲሄዱ እንዳይመልሱዎት ብዬ ነው» አሏቸው። አንብበው ሲጨርሱ «እሺ፣ ሁለት ይሁን» አሉ። ኪራዩ 9,000 ብር ስለሆነ በእጄ የቀረው ያው 9,000 ብር ነው፤ ፍራሽና ምድጃ ገዛሁበት። አንድ ወጣት ሕጉን ቢያውቅ እንኳ አባቱ የሚሆን ሰው ፊት ቆሞ «ሕጉ እንዲህ ይላል» ማለት ይከብደዋል። በመካከል ሆኖ በክብር የሚናገር ሦስተኛ ሰው መገኘቱ ምን ያህል እንደሚያግዝ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ሰፋ አድርጌ ልጽፍበት የምፈልገው ግን የጋራ ቆጣሪን ጉዳይ ነው። በእኛ ግቢ አራት ተከራዮች በአንድ የመብራት ቆጣሪ እንጠቀማለን። የቤት ውስጥ ታሪፍ በሰባት እርከን የተከፈለ ሲሆን የመጀመሪያው እስከ 50፣ ሁለተኛው ከ51 እስከ 100፣ ሦስተኛው ከ101 እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት እያለ ከ500 በላይ ድረስ ይወጣል፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥርም የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። እያንዳንዳችን በወር 60 ያህል ብንጠቀም ለየብቻችን በሁለተኛው እርከን ላይ በሆንን ነበር፤ በአንድ ቆጣሪ ተደምሮ 240 ሲሆን ግን አራተኛው እርከን ውስጥ እንገባለን። ሳናባክን የምንከፍለው ይበዛል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየጊዜው እየተሻሻለ በመሆኑም ልዩነቱ ቀድሞ ከነበረው ይልቅ ይሰማል።

በዚህ ላይ የአከፋፈሉ ጭቅጭቅ አለ። ሒሳቡ ለአራት እኩል ሲካፈል እንጀራ የማይጋግረው የሚጋግረውን ይከፍልለታል። ሦስት ኪሎዋት ተኩል የሚስብ ምጣድ አንድ ሰዓት ሲሠራ የሚቆጥረውን ያህል ለመቁጠር ባለ 10 ዋት አምፖል 350 ሰዓት መብራት አለበት። አንዳንድ ግቢ ውስጥ መፍትሔ ተብሎ የሚወሰደው ምጣድ መከልከል ነው፤ ያ ደግሞ ልጅ ላላት ተከራይ ከባድ ነው። እትዬ ያደረጉልን እንዲህ ነው፦ ለየክፍላችን ንዑስ ቆጣሪ እንድናስገባ መከሩን፤ ካስገባን በኋላ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ አዘጋጁልን። በጥቅምት ወር ዋናው ቆጣሪ 240 ቆጠረ፤ የአራታችን ንዑስ ቆጣሪ 35፣ 52፣ 48 እና 95 ነበር። ድምሩ 230 ስለሆነ ቀሪው 10 የግቢው በር መብራትና የጋራ መታጠቢያ ቤቱ ነው ተብሎ ለአራት ተካፈለ፤ ለእያንዳንዳችን ሁለት ተኩል ደረሰ። የእኔ ድርሻ 37 ተኩል ሆነ፤ እኩል ብንካፈል ኖሮ 60 ልከፍል ነበር። 95 የቆጠረባት ጎረቤቴ ለሦስት ልጆች የምትጋግር ናት። ሠንጠረዡን ስታየው በነጻነት መጋገር መቻሏ ደስ እንዳላት ነገረችን፤ ከዚያ ወዲህ በወር መጨረሻ ግቢያችን ውስጥ የተነሣ ቃል የለም።

ሦስተኛው አገልግሎት የደረሰኝ አያያዝ ነው። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ መብራትም ውሃም በስልክ መክፈል ቀላል ሆኗል፤ ኪራይንም በባንክ መተግበሪያ በደቂቃ ማስተላለፍ ይቻላል። ችግሩ ከክፍያው በኋላ ነው። የመልእክቱ ማረጋገጫ ስልክ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ በሙቀት የሚታተመው ትንሹ ደረሰኝም ቀለሙ እየለቀቀ ከጊዜ በኋላ ባዶ ወረቀት ይሆናል። እትዬ ለእያንዳንዱ ተከራይ አንድ ማቀፊያ ይሰጣሉ። ኪራይ ሲተላለፍ በምክንያት መጻፊያው ላይ «የጥቅምት 2018 የቤት ኪራይ» ተብሎ እንዲጻፍ ያሳስባሉ፤ ባዶ ከተተወ ወይም «ብድር» ከተባለ ነገ ኪራይ መሆኑን ማሳየት ያስቸግራልና። የግብይት ቁጥሩ ያለበት ደረሰኝ ይታተምና በወር ቅደም ተከተል ይገባል፤ በሙቀት የታተመው ደግሞ ቀለሙ ሳይለቅ ኮፒ ይደረጋል። ማቀፊያዬ አሁን የአሥር ወር ወረቀት ይዟል፤ ባለፈው ወር ባንክ ሒሳብ ለመክፈት አድራሻ ማረጋገጫ በተጠየቅሁ ጊዜም የተመዘገበውን ውል ከዚያው አውጥቼ አቅርቤያለሁ።

ጉድለቷንም ሳልሸሽግ መጻፍ ይኖርብኛል። ትልቁ ጉድለት የሰው ሰነድ ጥበቃ ነው። ደንበኛው መታወቂያውንና የቤቱን ካርታ በቴሌግራም ልኮ ያሳትማል፤ ፋይሉ ግን ማንም በሚቀመጥበት ኮምፒዩተር ላይ ይቀራል። እኔ ራሴ የማላውቀውን ሰው የፋይዳ ካርድ ፎቶ እዚያው የወረዱ ፋይሎች ውስጥ አይቻለሁ። በመታወቂያ ቅጂ ምን ያህል ማጭበርበር ሊሠራ እንደሚችል ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለእትዬ በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ፤ ማታ ማታ እንደሚያጠፉ ነገሩኝ፤ ይሁን እንጂ ማጥፋት የሚገባው ደንበኛው ከወንበሩ ከመነሣቱ በፊት ነው። እስኪስተካከል ድረስ ሰነዳችሁን ራሳችሁ አስጠፍታችሁ ውጡ።

ሁለተኛው፣ ዋጋ የተለጠፈበት ቦታ የለም። እኔ ለሦስት ቅጂ ውል፣ ለዝርዝሩ ገጽና ለማቀፊያው በድምሩ 180 ብር ከፍያለሁ፤ ጓደኛዬ ለተመሳሳይ ሥራ 220 ከፍላለች። ልዩነቱ ከገጽ ብዛት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ስለ ደረሰኝ የሚያስተምር ቤት ዋጋውን ግድግዳ ላይ መጻፍ ይገባዋል። መብራት ሲጠፋ ሥራ ይቆማል፤ ወር በገባ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ደግሞ ሰልፉ ከበር ውጭ ይደርሳል። ከዚህም በላይ እትዬ የሕግ ባለሙያ አይደሉም፤ ራሳቸውም ይህን ይናገራሉ። ቤቱ በውርስ የተያዘ ከሆነ፣ አከራዩ በውክልና የሚያከራይ ከሆነ ወይም ክርክር ከተነሣ ወደ ጠበቃ መሄድ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ውክልናው ያልታየ ውል ሊያጽፍ ሲል «ይህን እኔ አልጽፍም፤ ውክልናውን አምጣ» ብለው ሲመልሱት ሰምቻለሁ፤ ልጁ ተቆጥቶ ወጣ፤ እኔ ግን በዚያ መልሳቸው ይበልጥ አመንኳቸው።

ቤቷ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ ቅዳሜ እስከ 7 ሰዓት ክፍት ናት። ወሩ አጋማሽ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ብትሄዱ ሰልፍ አይኖርም። የተከራይንም የአከራይንም መታወቂያ፣ የቤቱን ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየሙን ውል ቅጂ ያዙ፤ መታወቂያችሁ የክፍለ ሀገር ከሆነ መሸኛችሁን አትርሱ። የሁለቱንም ቆጣሪ ፎቶ ደግሞ ከቤት ሳትወጡ አንሡ፤ አለዚያ እንደ እኔ መመለሳችሁ አይቀርም።