አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁ፣ ከመጣላችሁ በፊት ደሴ ያለችውን ልጅ አማክሩ

ይህ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ደሴ፣ ሐይቅ፣ ኮምቦልቻና አካባቢው ላላችሁ፣ በተለይ «ይሄ ላፕቶፕ አበቃለት» ብላችሁ ቁም ሳጥን ላይ ለሰቀላችሁት።

የማመሰግናት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ጠባብ ክፍል ተከራይታ ኮምፒውተር የምትጠግን ወጣት ናት። ትምህርቷን ኮምቦልቻ ባለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው የጨረሰችው። ስሟና ስልኳ አደባባይ ላይ እንዲለጠፍ አትፈልግም። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እንድሰጥ ግን ፈቅዳልኛለች።

እኔ ሐይቅ የማስተምር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ላፕቶፔ በፈረንጆቹ 2012 አካባቢ የወጣ፣ ኮር አይ 5፣ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ነው። ፈተናው፣ የማርክ ሮስተሩ፣ የትምህርት እቅዱ ሁሉ እሱ ላይ ነው። መጀመሪያ መነሳት ዘገየ። ከፍቼው ቡናው ተፈልቶ አቦል ሲቀዳ ነበር የሚነሳው። በኋላ ጭራሽ ሃርድ ዲስክ የለም ማለት ጀመረ። አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ አሉኝ። አዲስ ላፕቶፕ በመምህር ደሞዝ! እሱን እንኳ ተዉት።

ልጅቷ ጋ የላከኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሳትቸኩል ፈታችው። ሃርድ ዲስኩን አውጥታ በዩኤስቢ ማገናኛ ከራሷ ኮምፒውተር ጋር ስታገናኘው ፋይሎቼ ሁሉ ቁጭ ብለዋል። ቀጥላ የሚሠራ ሌላ ዲስክ እኔ ላፕቶፕ ውስጥ ሰካች። እሱንም አላነበበውም።

«መምህር፣ አብሽሩ» አለችኝ። «ማዘርቦርዱ አልሞተም። የዲስኩ መሰኪያ ብቻ ነው የተበላሸው። እሱን መቀየር ብዙ ያስወጣዎታል፣ እኔም ዋስትና አልሰጥበትም። ለምን ከውጭ አናስነሳውም?»

ከውጭ ማስነሳት ማለት ሲስተሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን እንደ ዊንዶውስ ያለ ፕሮግራም፣ ውጪ ባለ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የፈጠነ ማስቀመጫ) ላይ ጭኖ በዩኤስቢ እየሰኩ መሥራት ነው። አንድ ነገር ግን አልደበቀችኝም። መሰኪያው ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ኤስኤስዲውን ውስጥ ታስገባው ነበር። የኬዝ (ዲስኩ ገብቶበት በዩኤስቢ የሚሰካበት ማቀፊያ) ወጪ ይቀራል፣ ኬብልም አይንጠለጠልም። ስለዚህ የእናንተ ሃርድ ዲስክ ቀርፋፋ ከሆነና መሰኪያው ከሠራ፣ እሷም የምትመክራችሁ ውስጥ ማስቀየሩን ነው።

ፍጥነቱን በተመለከተ። ድሮ ላፕቶፖች ላይ የሚገጠመው ሃርድ ዲስክ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሃን ነው። ሲስተሙ ሲነሳ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ይለቅማል፤ የሚያዘገየውም የማንበቢያው ክንድ ወዲያ ወዲህ ማለቱ ነው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። በዩኤስቢ በኩል እንኳ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ቀዳዳው ግን ዩኤስቢ 3 መሆን አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው። የእሱ ጣሪያ በሰከንድ 5 ጊጋቢት ሲሆን የዩኤስቢ 2 ግን 480 ሜጋቢት ነው። የእኔ ላፕቶፕ አንድ ጎኑ ሰማያዊ፣ ሌላው ጎኑ ጥቁር አለው። ሰማያዊው ላይ ወረቀት ለጥፋ «ከዚህ እንዳይነቅሉ» ብላ ጻፈችበት።

ፍላሽ ላይ ቢጫን አይበቃም ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። ሳቀች። ተራ ፍላሽ ትናንሽ ፋይል ሲጻፍበት ይንቀራፈፋል፤ ሲስተም በየደቂቃው ሲጽፍበት ደግሞ ቶሎ ያልቃል።

ሌላው የወደድኩላት ነገር ኤስኤስዲውን ሳትፈትን አለመጫኗ ነው። ገበያ ላይ 16 ቴራባይት ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ አለ፤ ውስጡ ሲከፈት ትንሽ ሚሞሪ ነው። እሷ ዲስኩን ጫፍ ድረስ በፋይል ሞልታ መልሳ ታነበዋለች። የጎደለ ካለ ለሻጩ ትመልሳለች። የእኔ 240 ጊጋባይት ነው፣ ሙሉ ሆኖ ወጣ።

ሲስተሙ ላይ ትንሽ ተከራከርን። እኔ ዊንዶውስ ነው የለመድኩት። ዊንዶውስ ግን በተለመደው መንገድ ውጪ ያለ ዩኤስቢ ዲስክ ላይ አልጫንም ይላል። በሌላ ዘዴ ይጫናል፤ ሆኖም የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የእኔን ፕሮሰሰር አይቀበልም። ዊንዶውስን የሚተካ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ሲስተም ይሁን አለች። ነጻ ነው፤ ውጪ ባለ ዲስክ ላይ መጫንም አያስቸግረውም።

የእኔ ጭንቀት አማርኛው ነበር። ፈተና የማወጣው በግዕዝ ፊደል ነው፤ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚጻፍ ኮምፒውተር ምን ያደርግልኛል? እዚህ ላይ ነው ልጅቷ ሥራዋን የምታውቅ መሆኗን ያየሁት። የአማርኛ ኪቦርድ ጫነችልኝ፤ ሁለት ቁልፍ ስጫን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይዞራል። ኒያላ ፎንት ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ ስለሆነ እዚህ የለም። በምትኩ አቢሲኒካ የሚባለውን ነጻ ፎንት አስገባች። የድሮ ፈተናዎቼን እንደ ወርድ ባለው ነጻ የጽሁፍ ፕሮግራም፣ በሊብሬኦፊስ፣ ስከፍታቸው አማርኛው በትክክል ይነበባል፣ አንዳንዱ ገጽ ላይ ግን መስመሩ ትንሽ ይንሸራተታል። በዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል አሠራር) ሳይሆን በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግዕዝ የጻፍኳቸው ፋይሎች ግን ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ወጡ። እነሱንም አልተወቻቸውም፤ ከእኔ ጋር ቁጭ ብላ ወደ ዩኒኮድ ቀየረቻቸው። ለዚህ ተጨማሪ ብር አልጠየቀችኝም።

ዲስኩን በይለፍ ቃል ቆልፋዋለች። ኪስ የሚገባ ነገር ይጠፋል፣ ውስጡ ደግሞ የብሔራዊ ፈተና መለማመጃና የተማሪ ውጤት አለ። ኪስ የሚገባ መሆኑ ጥቅምም አለው። ትምህርት ቤት ያለ ኮምፒውተር ላይ፣ አስፈቅጄ፣ ሰክቼ ሳስነሳው የራሴው ዴስክቶፕ መጣልኝ።

ችግር የለውም አልልም። ኬብሉ ከተነቀነቀ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ስለዚህ አጭር ኬብል ሰጠችኝ፤ ዲስኩን ደግሞ በሚላቀቅ ማጣበቂያ ስክሪኑ ጀርባ ላይ ለጠፈችው። ክዳኑን ዘግቶ ማስተኛትን ተዉት ብላኛለች፤ ሲነቃ ዲስኩን ሊያጣው ይችላል፣ አጥፍቶ መክፈት ይሻላል። መብራት ሲጠፋና ባትሪው ሲደክም ያልተቀመጠ ጽሁፍ ይጠፋል፤ ሊብሬኦፊስ በየሁለት ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ አስተካክላዋለች። ራሙ ያው 4 ነው፣ ብሮውዘሩ ላይ ብዙ ገጽ ስከፍት አሁንም ይጨነቃል። ኤስኤስዲ ደግሞ እንደ ሃርድ ዲስክ ድምፅ አሰምቶ ሳያስጠነቅቅ በድንገት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ኬዝ ውስጥ አድርጋ መለሰችልኝ፤ አርብ አርብ ፋይሌን እሱ ላይ እገለብጣለሁ።

ያስከፈለችኝ የኤስኤስዲውን፣ የሁለቱን ኬዝና የእጇን ነው። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም። ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር ግን ለንጽጽር አይቀርብም።

የኔ ልጅ፣ ይህን ካነበብሽው፣ እጅሽ ይባረክ። አላህ ሥራሽን ያብዛልሽ።

ለምትሄዱ፦ ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ሰው ይበዛባታል፣ ሌላ ቀን ሂዱ። ቻርጀራችሁን እንዳትረሱ፣ ያለ ቻርጀር የመጣ ላፕቶፕ አትቀበልም።