ቮልስ ወይስ ሱዙኪ? ለአርበኞች መታሰቢያ ዝቅተኛና ቀላል መኪና መሥራት ለሚፈልጉ

ደብረ ማርቆስ ላይ መኪናዬን አቁሜ ማኪያቶ ባዘዝኩ ቁጥር አንድ ሰው ዞር ዞር ብሎ ካያት በኋላ ወደ ጠረጴዛዬ መምጣቱ አይቀርም። ጥያቄው አይለወጥም፤ «ወንድም፣ ይህችን ነገር ከምን አሠራሃት? ስንትስ ፈጀችብህ?» አስከትሎም «እኔ እንኳ ከሱዙኪ ላሠራ አስቤ ነበር» ይላል። በቃል መድገሙ ስለሰለቸኝ መልሱን እዚህ አሰፍረዋለሁ። ሐሳብዎ ቦዲው ከወገብ የማያልፍ፣ ክብደቱ ከሰባት መቶ ኪሎ የማይበልጥ፣ ጣሪያ አልባ የኮረኮንች መኪና ሠርተው ለጎጃም አርበኞች መታሰቢያ ማድረግ ከሆነ መነሻዎ ቮልስ ይሁን ባይ ነኝ። ሱዙኪን ሳላውቅ የምናገር እንዳይመስልብኝ፣ የአጎቴ ልጅ ፍኖተ ሰላም ላይ ከሱዙኪ ኤስጄ 410 የሠራት አለች፤ እሷንም ነድቻታለሁ፣ ስትበላሽም ከሥሯ ተኝቻለሁ።

እኔም ብሆን በመጀመሪያ የገዛሁት ከሁለቱ አንዱን አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. አንድ ደላላ «ወታደራዊ መኪና ከፈለግህ ዋዝ እያለ ምን ያንከራትትሃል?» ብሎኝ በ180 ሺህ ብር አንድ አሮጌ ዋዝ አስጎትቼ አመጣሁ። በደርግ ጊዜ መኮንኖች ሲነዱት እያየ ያደገ ሰው ልቡ ወደ ዋዝ ቢያደላ አይፈረድበትም። ነገር ግን ዋዝ ባዶውን ከ1,600 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በሩንና ጣሪያውን ሁሉ ቢያወልቁለት እንኳ ሻንሲው፣ ሁለቱ ዲፈረንሻሎችና ያ ከባድ ካምቢዮ ባሉበት ይቀራሉ። ዐሥራ አራት ወር ግቢዬ ውስጥ ዶሮ ሲያድርበት ከቆየ በኋላ በ120 ሺህ ብር ሸጥኩት። ይህን የ60 ሺህ ብር ኪሳራ ከዚህ በታች ባለው ሒሳብ ውስጥ አልደመርኩትም፤ ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ ትደምረዋለች።

ቮልሷን የገዛኋት በ2013 ዓ.ም. ሞተሯ ነክሶ የቆመች፣ ሊብሬዋ ግን የተሟላ ሆና በ110 ሺህ ብር ነው። ለላሜራና ለቱቦ ብረት 38,500፣ ለብየዳ 31,000፣ ለሞተር ማደሻ 46,000፣ ለጎማና ለቸርኬ 52,000፣ ለፍሬንና ለልዩ ልዩ ገመዶች 17,300፣ ለቀለም 9,200 ብር ወጣ፤ ድምሩ 304 ሺህ ብር ነው። የአጎቴ ልጅ በዚያው ሰሞን ሱዙኪዋን በ420 ሺህ ብር ገዝቶ ሥራዋ ሲያልቅ 610 ሺህ ብር ገብቶባታል። እኔ ሠርቼ በጨረስኩበት ገንዘብ እርሱ ያልተነካችውን መኪና እንኳ አይገዛም ነበር ማለት ነው። በእርግጥ እነዚህ ቁጥሮች ዛሬ አይሠሩም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለና በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ግቢው ውስጥ የዛገ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ዋጋ ሰቅሏል። ይሁን እንጂ በቅርቡ ስጠያይቅ፣ ተነሥታ የምትሄድ ቮልስ የምትጠራው ደህና ሱዙኪ ከሚጠራበት ዋጋ በግማሽ አንሶ ነው።

ቮልስን ለዚህ ሥራ የተመቸ ያደረገው ቦዲው ከወለሉ ጋር የተያያዘው በብሎን መሆኑ ነው። ብሎኖቹ ሲፈቱ አራት ሰው ቦዲውን አንሥቶ ጥግ ያስይዘዋል፤ የሚቀረው መካከሉን በቱቦ መሰል አከርካሪ የተጠናከረ፣ መሪው ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ የሆነ፣ ራሱን ችሎ የሚነዳ ወለል ነው። አሜሪካዊው ብሩስ ሜየርስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከፋይበር ሠርቶ ለገበያ ያቀረባት ዝነኛ የአሸዋ መኪና የቆመችው 36 ሳንቲ ሜትር ያህል ባጠረ በዚሁ የቮልስ ወለል ላይ ነበር፤ እኔም ያንኑ ያህል አስቆረጥኩ። ጣጣዬ የመጣው ከብየዳው ነው። መጀመሪያ የያዝኩት በያጅ ወለሉን ከምንም ጋር ሳያስርና ሳይለካ አንዱን ጎን ከዳር እስከ ዳር ጨርሶ ወደ ሌላው ስለተሻገረ ብረቱ በሙቀት ተሳስቦ ጠመመ፤ ለሙከራ ስናወጣት ፊቷ ወደ ደጀን፣ ጀርባዋ ወደ ቢቸና ሆነ። ሁለተኛው በያጅ እንደገና ቆርጦ፣ ወለሉን በወፍራም አንግል ብረት ላይ በብሎን ካሰረ በኋላ ከግራና ከቀኝ እያፈራረቀ በአጭር በአጭሩ በየደው፤ በየመሃሉም እያቆመ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለውን ርቀት በሁለቱም ጎን በሜትር ይለካ ነበር። ለብየዳ 31 ሺህ ብር የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈው የማርሽ ዘንግ፣ የፍሪሲዮንና የነዳጅ ገመዶቹም በዚያው ልክ ማጠር እንዳለባቸው ብዙ ሰው ይረሳል፤ ዘንጉ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተሳሳተ አንዱ ማርሽ እንቢ ይላል።

የቮልስ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ ከካምቢዮው ጋር የያዙትም አራት ብሎኖች ብቻ ስለሆኑ ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት ያወርደዋል። ሆኖም ቦዲ ሠሪዎች «ይህ ቆርቆሮ ምን ይሠራል?» እያሉ የሚጥሉት ሞተሩን የሚያለብሰው ላሜራ የሕይወቱ ዋስትና ነው፤ ማራገቢያው የሚነፋውን አየር በሲሊንደሮቹ ክንፎች መካከል እንዲያልፍ የሚያስገድደው እርሱ ነውና። ማራገቢያው የሚዞረው በጄነሬተሩ ቺንጋ ስለሆነ ቀዩ የባትሪ መብራት ከበራ፣ ቤትዎ ደጃፍ ደርሰው እንኳ ቢሆን፣ ወዲያው ሞተሩን ማጥፋት ግድ ነው። ከዓባይ ድልድይ ተነሥቶ ደጀን እስኪደርስ ከ1,300 ሜትር በላይ በሚወጣው ዳገት ላይ ላሜራው ሙሉ የሆነው ሞተሬ በሁለተኛ ማርሽ እያጉረመረመ ሳይቆም ወጥቷል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ማናቸውም የካርቡሬተር ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ዐሥር በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ በባሕር ጠለል 40 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ማርቆስ ላይ 30 ያህል ቢቀረው ነው። ካንዴላው በጥቀርሻ ከጠቆረም ነዳጁ ለሳሳው አየር በዝቷል ማለት ስለሆነ፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያሳልፈውን ዋናውን ቀዳዳ ጠበብ ባለ ማስለወጥ ይበቃል፤ ይህ ለሱዙኪም ይሠራል።

ከሞተር ማደሻው 46 ሺህ ብር ውስጥ 14,500ው በከንቱ የፈሰሰ ነው። አዲስ አበባ ከአንድ መደብር የገዛሁት የፒስቶንና የሲሊንደር ጥቅል «ኦርጅናል የጀርመን» ተብሎ ተሸጠልኝ፤ ከ900 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይት እንደ ውኃ መጠጣት ጀመረ። ስንፈታው ሲሊንደሩ በጥፍር ሲነኩት የሚታወቅ መስመር ወጥቶበታል። ሣጥኑን እንደገና ሳየው የኩባንያው ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል፤ ያን ዕለት መነጽሬን አልያዝኩም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥቅሉን ከመክፈሌ በፊት አራቱንም ፒስቶን በሱቁ ሚዛን ላይ አስቀምጣለሁ፤ በጥቂት ግራም ካልሆነ በቀር መለያየት የለባቸውም፣ የእኔዎቹ ግን አንዱ ከሌላው በ22 ግራም ይበልጥ ነበር። ከአዲስ ኮፒ ይልቅ ሶማሌ ተራ ከአሮጌ ሞተር የወረደ ኦርጅናል ፈልጎ ማስመርመር ይሻላል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው።

ሱዙኪም ከኮፒ አላመለጠም። የአጎቴ ልጅ የገጠመው የፍሪሲዮን ዲስክ በስድስተኛው ሳምንት ጮቄ ዳገት ላይ ስፕሪንጎቹን ተፋ፤ ካምቢዮ ማውረጃውን ጨምሮ 11 ሺህ ብር አስወጣው። ከሁሉ የከፋብኝ ግን ቁመቷ ነው። ሱዙኪ ጠባብ ሆና በባሌስትራ ላይ ከፍ ብላ የተሠራች ስለሆነች ጣሪያዋን ቢቆርጡትም ዝቅ አልልም ትላለች፤ ጎን ለጎን በተዘነበለ መንገድ ላይ ስነዳት መቀመጫውን በጥርሴ የያዝኩ ያህል ነበር። የእኔዋን በእህል መጋዘን የጭነት ሚዛን ላይ ሳወጣት 590 ኪሎ መዘነች፤ የእርሱ 840።

አንድ ነገር ላይ ግን ሱዙኪ ያለ ክርክር ትበልጣለች፤ እርሱም በክረምት ዋልካ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ በእነማይ ጥቁር አፈር ውስጥ አራቱም ጎማ የሚገፋና ከባድ ማርሽ ያለው መኪና ሌላ ነገር ነው። የእኔዋ ሞተሯ በኋላ ጎማዎቿ ላይ ስለተቀመጠ ከሚጠበቀው በላይ ትታገላለች፣ ከገባች በኋላ ግን አራት ሰው አንሥቶ ያወጣታል፤ ሱዙኪዋ ስትቀበር በሬ ተጠምዶላታል። ቤትዎ ከአስፋልት ርቆ ዋልካ መሃል ከሆነና ዓመቱን ሙሉ የሚነዱ ከሆነ፣ ገንዘቡም ካለዎት፣ ሱዙኪ ይግዙ፤ አልከራከርም።

ስለ መታሰቢያነቱ ሳስብ ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። በቮልስ ወለል ላይ ጠፍጣፋ ላሜራ ሲያቆሙ፣ ሳያውቁት ኩበልቫገን ይሠራሉ። ኩበልቫገን እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1945 ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ የተመረተ የናዚ ጀርመን ጦር መኪና ነው። በሁለት ጎማ ብቻ እየተገፋ ያን ሁሉ መሬት መሄዱ ለቮልስ ጥሩ ምስክር ነው፤ ነገር ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ፋሽስትን በዱር የተዋጉትን አርበኞች በሙሶሊኒ አጋር መኪና ማሰብ ለአያቴ ስድብ ይሆን ነበር። ስለዚህ ጎኑን ያለ ሽንትር ልሙጥ፣ ፊቱን ክብ አድርጌ ከዚያ መልክ አራቅኩት። ሱዙኪ ፊቷ ከአሜሪካኖቹ የጦር ጂፕ ጋር ስለሚመሳሰል በዚህ በኩል ችግር የለባትም።

የአንድ ሠራዊት መኪና ግልባጭ መሥራት ግን ለእኔ አስፈላጊ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው በበላያ በኩል ወደ ቡሬና ደብረ ማርቆስ በተጓዘው ዘመቻ ስንቁንና ጥይቱን በብዛት የተሸከሙት ግመሎች ነበሩ፤ በሺዎች የሚቆጠሩት በመንገድ አለቁ። አርበኛው ራሱ ስንቁን በአገልግልና በስልቻ ይዞ በእግሩ ነው የሄደው። ስለዚህ መቀመጫዎቹን ከቱቦ ብረት ሠርቼ እንደ አልጋ በጠፍር አስጠፈርኳቸው፤ ጠፍሩ 1,800 ብር ፈጀ፣ ከስፖንጅ መቀመጫም ይቀላል። ዝናብ ሲነካው ይላላል፣ ሲደርቅ ይወጠራል፤ በክረምት የሚቀመጥ ሰው ሱሪው ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ቀለሙ ያልተዥጎረጎረ ካኪ ነው። ዥጉርጉር የወታደር ቀለም፣ የእንጨት መትረየስና የማዕረግ ምልክት የሚያምራቸው ወጣቶች አሉ፤ ዛሬ በየኬላው ፍተሻ ባለበት መንገድ ላይ እንዲህ አስጊጦ መውጣት ለነጂውም ለተሳፋሪውም አደጋ ነውና አይሞከር።

ብረት ከመቆረጡ በፊት የቦዲ ለውጡን ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አሳውቆ በጽሑፍ ፈቃድ መያዝ ያስፈልጋል፤ እኔ ከቆረጥኩ በኋላ ስለጠየቅሁ አምስት ወር ያለ ቦሎ ቆማብኛለች። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር የተቀረጸው ከኋላ ወንበር ሥር አከርካሪው ላይ፣ መቁረጫው ከሚያልፍበት ብዙም ሳይርቅ ነው። በያጅዎ መጋዙን ከማንሣቱ በፊት ቁጥሩን በኖራ ይክበቡት። ሲገዙም ወንበሩን አስነሥተው፣ ቁጥሩን በጋዝ በራሰ ጨርቅ ጠርገው ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ሳያስተያዩ ቀብድ እንዳይከፍሉ።