8×42 ባይኖኩላር ከ11 ወር በኋላ፦ ከክረምት ጭቃ እስከ በጋ አቧራ

ይህ ግምገማ የአንድ መካከለኛ ዋጋ ያለው 8×42 ባይኖኩላር ነው። ክብደቱ 680 ግራም፣ ውስጡ ናይትሮጅን ተሞልቶ የታሸገ፣ ውኃ የማያስገባ ነው። ከነሐሴ እስከ ሰኔ በሱሉልታ ሜዳ፣ በገፈርሳ፣ በቢሾፍቱና በዝዋይ ሐይቆች፣ በጣና ዳርም ሠርቷል። በአንድ ወቅት ብቻ ተሞክሮ የሚመሰገን መነጽር ብዙ ነው፤ ክረምቱን በእርጥበት፣ በጋውን በአቧራ ካለፈ በኋላ ግን ደካማ ጎኑ ይወጣል።

መጀመሪያ ቁጥሩ፤ 8 የማጉሊያው ልክ ነው፣ 42 ደግሞ የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር። ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ 10×42 ይሻላል ይላሉ፤ ለወፍ አይሻልም። 42ን ለ8 ስናካፍል ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ 5.25 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በ10 ሲካፈል 4.2 ብቻ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ በደመና እንደከበደ፣ ቡናማውን ወፍ ከጥቁሩ የሚለየው ይህች ልዩነት ናት። የእጅ መንቀጥቀጥም በአጉሊው ልክ ያድጋል። ሌላው ጥቅም የእይታ ስፋት ነው፤ ይህኛው በ1000 ሜትር ርቀት ላይ 130 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል። ከሣሩ በላይ ዝቅ ብሎ እየተወዛወዘ የሚበር የስደት ጭልፊት በጠባብ እይታ ውስጥ አይቆይም።

መነጽሩ ጥራት የለውም ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ አስተካክለው ያላዩ ናቸው። ሁለቱ ክቦች አንድ እስኪሆኑ ማጠፊያውን አስፉ ወይም አጥብቡ። ቀኝ ዓይንን ሸፍናችሁ በመሐሉ የማጥሪያ ጎማ ብቻ 30 ሜትር ላይ ያለ ቅርንጫፍ አጥሩ። ቀጥሎ ግራውን ሸፍናችሁ፣ ጎማውን ሳትነኩ፣ በቀኝ በኩል ያለውን ቀለበት አዙሩ። ከዚያ ቀለበቱ የቆመበት ቦታ ላይ በጥፍር ቀለም አንዲት ነጥብ አድርጉ። ይህ ቀለበት መቆለፊያ ስለሌለው ከቦርሳ ሲወጣ በየጊዜው ይዞራል፤ በ11 ወር ውስጥ ካስቸገሩት ነገሮች የመጀመሪያው ይኸው ነው። የማየት መነጽር የሚያደርግ ሰው ዓይን የሚያርፍበትን የዓይን ጎማ ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ የማያደርግ አውጥቶ ይያዝ፤ ካልሆነ ጥቁር ጥላ ዳር ዳሩን ይበላዋል።

በመስከረም ወር የሚታየው ነገር ብቻውን ዕቃውን ያስወድዳል። የመስቀል ወፍ ከምንላቸው መካከል ደማቅ ቢጫና ቀይ ለብሰው በሣሩ አናት ላይ የሚታዩት ወንዶች ናቸው። በዓሉ ካለፈ በኋላ ጠፉ ይባላል። ኅዳር ላይ ግን በእህል ማሳ ውስጥ ያለ ቡናማ መንጋ በ20 ሜትር ርቀት ቢታይ፣ ላባቸውን ቀይረው ሴቶቹን መስለው ከመካከሉ ይገኛሉ፤ አንዳንዱ ላይ ገና ያልረገፈ ደማቅ ላባ ተሰንቅሮ ይቀራል። በባዶ ዓይን ይህን ማየት አይቻልም።

እንግዶቹን ወፎች ለመለየት ትልቁ ፈተና የሱሉልታ ንስሮች ናቸው። ከጥቅምት ጀምሮ ከእስያ የሚመጣው የስቴፕ ንስርና ነዋሪው ታውኒ ንስር አንድ ሜዳ ላይ ይቆማሉ፤ ሁለቱም ቡናማ፣ መጠናቸውም የተቀራረበ። መለያው የአፉ ቢጫ ጥግ ነው። በስቴፕ ንስር ላይ ይህ ቢጫ መስመር እስከ ዓይኑ የኋላ ጠርዝ ይደርሳል፤ በታውኒው ከዓይኑ መሐል ሥር ይቆማል። በ80 ሜትር ያለ ንስር በዚህ መነጽር 10 ሜትር ላይ የቆመ ያህል ስለሚሆን፣ ፀሐይ ከጀርባችሁ ከሆነች መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይለያል። ከ150 ሜትር በላይ ግን መገመት ይሆናል፤ ባትመዘግቡት ይሻላል።

ባለ ሰማያዊ ክንፉ የኢትዮጵያ ዝይም እንዲሁ ትዕግሥት ይጠይቃል። ተቀምጦ ሲግጥ ግራጫ ቡናማ ነው፤ አንገቱን ወደ ጀርባው ሰብስቦ ይራመዳል። ሰማያዊው ደምቆ የሚወጣው ሲነሳ ነው፤ ስለዚህ መነጽሩን ከዓይን ሳታወርዱ ጠብቁ እንጂ ለማስነሳት አትጠጉት።

ከታኅሣሥ በኋላ ዋናው ጠላት አቧራ ነው። የማጥሪያው ጎማ በጥር መጨረሻ ላይ አሸዋ የሚፈጭ ያህል ይንኮሻኮሽ ጀመር። የአብጃታ ሐይቅ ዳር አቧራ ደግሞ ሶዳ ስላለበት የባሰ ነው። ሌንስን በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ መጥረግ ሽፋኑን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል፤ ጭረቱ በመጀመሪያ ቀን አይታይም፣ ከጊዜ በኋላ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ምስሉን ያደበዝዛል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በጎማ ፓምፕ መንፋት፣ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፣ ትንፋሽ መስጠት፣ በመጨረሻ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ማዞር። አካሉን ግን በቀስታ በሚፈስ ውኃ ማጠብ ይቻላል፤ የማጥሪያው ጎማ ከታጠበ በኋላ እንደ ቀድሞው ባይለሰልስም ድምፁ ጠፍቷል።

ሌሎቹ ጉድለቶች፦ የፊት ሌንስ ክዳኖቹ በሁለተኛው ወር ወልቀው ጠፉ። የቀኝ ዓይን ጎማ ላልቶ በራሱ ይወርዳል። አብሮት የመጣው ማንገቻ ቀጭን ስለሆነ ከሁለት ሰዓት በኋላ አንገት ይቆርጣል፤ በትከሻ የሚሸከሙት ባለ አራት ማሰሪያ ግዙ። በሱሉልታ የኅዳር ውርጭ የዓይን ሌንሱ በፊት ሙቀት ይደበዝዛል፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ ትንሽ ከፊት አርቆ መያዝ ይበቃል። ጭጋጉ በሌንሶቹ መካከል ከሆነ ግን ማሸጊያው ተከፍቷል ማለት ነው።

መውደቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ከወገብ ቁመት ድንጋይ ላይ አንዴ ቢወድቅ ሁለቱ ቱቦዎች ሊዛነፉ ይችላሉ፤ ምልክቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚመጣ ራስ ምታት ነው። ሩቅ ያለ የጣሪያ ጠርዝ ላይ አነጣጥራችሁ መነጽሩን ከዓይን በቀስታ አርቁት፤ የግራና የቀኙ መስመር እኩል ካልሆነ ተዛንፏል። ቤት ውስጥ ብሎን ፈትቶ ማስተካከል ያባብሰዋል።

የማይደርስበት ቦታም አለ። ጣና ዳር ከኅዳር እስከ የካቲት የሚከርሙት የአውሮፓና የእስያ ክሬኖች (ረጃጅም እግርና አንገት ያላቸው ወፎች) ማሳ ላይ ሲለቅሙ ይበቃል፤ ውኃው ዳር ለአዳር ሲሰበሰቡ ግን ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። ዝዋይ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ የሚነሳው የሙቀት ሞገድ ውድ መነጽርንም ያሸንፋል፤ ስለዚህ ማለዳ ድረሱ። ግድብ፣ ካምፕና አየር ማረፊያ አጠገብ ደግሞ ጥበቃውን አስቀድሞ ሳያነጋግሩ ማውጣት አይገባም።

በክረምት በርጋ ረግረግ ላይ የምትራባውን፣ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት የቀረችውን ባለ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴል የምትባል ወፍ በዚህ መነጽር ለማየት የሚያስብ ሰው ይተወው። ሣሩ ውስጥ ስለምትሸሸግ 8ም ሆነ 10 ማጉላት አይጠቅምም፤ ለማየት መግባት ጎጆዋን መርገጥ ነው። ሐምሌና ነሐሴ መነጽሩ ከሲሊካ ጄል ጋር በሚታሸግ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ በእርጥብ የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ከከረመ ሌንሱ ላይ ክር የመሰለ ሻጋታ ይበቅላል፣ እሱ ደግሞ ሽፋኑን በልቶ ነው የሚለቀው።