ለፋብሪካችን የመረዳጃ ፈንድ ኮሚቴ ምስጋና፣ ለሌሎች ሠራተኞችም ጥቆማ

በቅድሚያ ልጄን ላተረፈልኝ ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰው። ቀጥዬ የማመሰግነው እዚህ ፍኖተ ሰላም በዱቄት ፋብሪካ አብረውኝ የሚሠሩትን ባልደረቦቼን፣ በተለይም የሠራተኞች መረዳጃ ፈንዱን የሚመሩትን አምስት ሰዎች ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል። ሥራችንን አትጻፍ ግን አላሉኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰባት ዓመት ልጄ ከሾላ ዛፍ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። እዚሁ ያሉት ሐኪሞች አይተው ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል፣ ባሕር ዳር ይሂድ ብለው ሪፈር ጻፉ። ጊዜው ምሽት ነው፤ መንገዱ በሌሊት የሚደፈር ስላልሆነ እስኪነጋ መጠበቅ ግድ ሆነብን። በቡሬ፣ በኮሶበር፣ በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር መግባት ለጤነኛ ሰው ምንም አይደል፤ የሚያስመልሰውን ልጅ ታቅፎ ለሚሄድ ግን አያልቅም። ወሩ ደግሞ አላለቀ፣ ደመወዝ አልወጣ። ሪፈር የተጻፈለት ሰው ያውቀዋል፦ ትራንስፖርቱ አለ፣ ምርመራው አለ፣ መድኃኒቱ አለ፣ የአስታማሚ ማደሪያና ምግብ አለ።

ለገንዘብ ያዣችን ደወልኩላት። ሒሳብ ክፍል የምትሠራ፣ ሁላችንም እታለም የምንላት ሴት ናት። "እታለም፣ ልጁ…" ብዬ ሳልጨርስ፣ "አይዞህ ወንድምዓለም፣ እናቱ አብራችሁ ናት? ሪፈሩ እጅህ ላይ ነው? ፎቶ አንሳና ላክልኝ" አለችኝ። ለምን፣ እንዴት፣ ዘመድ የለህም ወይ የሚል ነገር ከአፏ አልወጣም። የራት ሰዓት ሳይደርስ የመጀመሪያው ግማሽ ቴሌብሬ ላይ ገባ። ሌላው ግማሽ ባሕር ዳር ደርሰን የምርመራውን ደረሰኝ ስልክላት መጣ። ልጁ ጭንቅላቱ ውስጥ ጥቂት ደም ተገኝቶበት ሐኪሞቹ ያለ ቀዶ ሕክምና በክትትል አዳኑት። አሁን ትምህርቱን ቀጥሏል፤ ዛፍ መውጣቱንም አልተወም።

ብድር እንዳይመስላችሁ። አይመለስም። ድርጅቱ የሰጠውም አይደለም፤ የእኛው የሠራተኞቹ ገንዘብ ነው። እያንዳንዳችን ከደመወዛችን አንድ በመቶ ይቆረጥብናል፤ ድርጅቱ ቆርጦ በፈንዱ የባንክ ሒሳብ ከማስገባት ሌላ ድርሻ የለውም። ከባንክ ለማውጣት የሁለት ሰው ፊርማ ያስፈልጋል።

ይህን ከማየታችን በፊት የነበረውን ልንገራችሁ። አንድ ሰው ሲቸገር ወረቀት ይዞር ነበር። አንዱ አዛኝ በየክፍሉ እየገባ "እገሌ ተቸግሯል፣ የአቅማችሁን" ይላል፤ ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያው የጻፈውን አይቶ ይጽፋል። ተጫዋቹ፣ ቡና የሚጋብዘው፣ ቢሮ አካባቢ የሚውለው ደህና ይሰበሰብለታል። የሌሊት ጥበቃውን ግን ማን ያውቀዋል? ቤቱ ተቃጥሎበት የተሰበሰበለት ገንዘብ ለአንድ የቢሮ ሰው ቀላል ሕመም ከተዋጣው ያነሰበት ጊዜ ነበር፤ ያፈርንበት ነገር ነው። ደግሞ ተቸጋሪው ወረቀቱን ያየዋል። ማን ሃምሳ ብር እንደጻፈለት እያወቀ በየቀኑ ሰላም ሊለው ነው።

አሁን ጥበቃውም የክፍል ኃላፊውም በአንድ ደንብ ነው የሚረዱት። የጠየቀውን ሰው ማንነት ከአምስቱ በቀር የሚያውቅ የለም። የእታለምን መዝገብ አንድ ቀን አይቼዋለሁ፦ በላስቲክ የተለበጠ ትልቅ ደብተር ነው፣ ጠርዙ ዱቄት ጠጥቶ ነጥቷል። ገቢው በሰማያዊ፣ ወጪው በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። በወጪው በኩል ስም የለም፤ መለያ ቁጥር ብቻ። በየሦስት ወሩ ሒሳቡ ፊርማ በምንፈርምበት በር ላይ ይለጠፋል፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ።

"እድር እያለ ይሄ ለምን?" የሚል ሰው አይጠፋም። እድሬን አላማም፤ ብሞት ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ በክብር ይቀብረኛል። የታመመ ልጅ ግን ባሕር ዳር አያደርስልኝም። የጤና መድንም ቢሆን፣ የማኅበረሰብ አቀፉ መድን የተቋቋመው ለገበሬውና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው ነው። ገጠር ያለው አባቴ ካርዱን ይዞ ይታከማል፤ ደመወዝተኛ ነው የተባልኩት እኔ ከኪሴ እከፍላለሁ። ሕጉንም አይቼዋለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው ራሱ ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉትን 2 ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን 3 ወራት ያለ ክፍያ ነው የሚቆየው። ልዩና ከባድ ነገር ሲገጥመው ደግሞ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ፈቃድ አለው፣ ያለ ክፍያ። ወጪው በሚበዛበት ሰሞን ገቢው ይቀንሳል ማለት ነው። ፈንዱ የሚገባው እዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ሁሉም ነገር ድንገተኛ ችግር አይባልም። ድንገተኛ ሕመም፣ የቤት ቃጠሎ፣ ጎርፍ፣ የትዳር ጓደኛ ወይም የልጅ ሞት ይካተታሉ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ የቆየ ዕዳ አይካተቱም። አንድ ባልደረባችን ለአባቱ ተዝካር ጠይቆ ነበር። ሰብሳቢያችን የወፍጮ ክፍሉ አንጋፋ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፤ "ልጄ፣ ነፍስ ይማር። ተዝካር ግን ቀኑ ታውቆ የሚመጣ ነገር ነው" ብለው መለሱት። ሰውየው እስከ ዛሬ አኩርፏል። እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ፤ በእኛ አገር ለድግስ የሚፈሰውን የሚያውቅ ያውቀዋል። የኮሚቴ አባል ዘመድ ሲጠይቅም አባሉ ከውሳኔው ይወጣል፤ ከአምስቱ አንዱ የግድ ከሌሊት ፈረቃ ነው።

ቅሬታም አለኝ። ጫኝና አውራጆቹ በቀን ሒሳብ ስለሚሠሩ በደመወዝ ዝርዝር የሉም፤ ስለዚህ ፈንዱ ውስጥም የሉም። ከሁላችን ይልቅ ወገባቸውና እግራቸው የሚጎዳው እነሱ ናቸው። ለኮሚቴው ነግሬያለሁ፤ በየሳምንቱ በእጅ እየከፈሉ የሚገቡበትን መንገድ እያዩ ነው። እስኪገቡ እጨቀጭቃቸዋለሁ።

ጥቆማዬ በቡሬ፣ በጅጋ፣ በደምበጫና በአካባቢው በፋብሪካ፣ በትምህርት ቤት፣ በሆቴል ለምትሠሩ ነው። እንዲህ ያለ ፈንድ ማቋቋም ካሰባችሁ እታለምንና ጋሼን አነጋግሯቸው። ደንቡን ኮፒ አድርገው ይሰጣሉ፤ መዝገቡ እንዴት እንደሚያዝ ቁጭ አድርገው ያሳያሉ፤ ክፍያ አይጠይቁም። ከመጀመራችሁ በፊት ግን እያንዳንዱ ሠራተኛ በጽሑፍ ይስማማ፤ ካልፈረመ ከደመወዙ አይቆረጥበትም። አዋጁም በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ገንዘብ ከወር ደመወዝ ሲሶ እንዳይበልጥ ስለሚል ሌላ ብድር ያለበትን ሰው አስቡት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለማንም ባትሰጡ ይሻላል፤ እኛ ጋ ገንዘቡ ጠርቀም እስኪል ሳይነካ ቆይቶ ነበር፣ ያኔ ሰው ቢያጉረመርምም።

እንዳገናኛችሁ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቀን ቀን ማሽን ላይ ስለምሆን ስልክ አላነሳም፤ ማታ እመልስላችኋለሁ።