ዊኪሚዲያ ኮመንስ ለሙዚየምና ለቤተ መዛግብት፦ የሚመቸውና የሚያስቸግረው

ዊኪሚዲያ ኮመንስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2004 የተከፈተ የፎቶ፣ የድምፅና የሰነድ ቋት ነው። ለሚያስቀምጠውም ለሚወስደውም በነፃ ነው። የራሱ ሰርቨርና የኮምፒውተር ባለሙያ ለሌለው ሙዚየም ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ፋይሉን መጫን ቀላል ነው፤ ጊዜ የሚበሉት መብቱን ማጣራትና የመግለጫውን ሠንጠረዥ መሙላት ናቸው።

ከመብቱ እንነሳ። ኮመንስ የሚቀበለው ማንም ሰው ለማንኛውም ጉዳይ፣ ለንግድም ጭምር፣ ሊጠቀምበት የሚችለውን ብቻ ነው። ከክሪዬቲቭ ኮመንስ (ሲሲ) ፈቃዶች ሲሲ ባይ (የሠሪው ስም ይጠቀስ የሚለው)፣ ሲሲ ባይ-ኤስኤ (ስሙ ይጠቀስ፣ የተቀየረውም በዚሁ ፈቃድ ይውጣ የሚለው)፣ ሲሲ ዜሮ (ምንም ግዴታ የሌለበት)፣ እንዲሁም የጥበቃ ዘመኑ ያለፈ ሥራ ያልፋሉ። «ለንግድ አይውልም» ወይም «አይቀየርም» የሚል ፈቃድ የያዘ ፋይል ግን ይሰረዛል። ብዙ ኃላፊዎች እዚህ ላይ ያመነታሉ፤ ማመንታታቸውም ተገቢ ነው፤ አንዴ የተሰጠ የሲሲ ፈቃድ ተመልሶ አይነሳምና። ስለዚህ ውሳኔው ከመጫኑ በፊት በጽሑፍ ይጠናቀቅ።

ቅርሱ የሙዚየሙ ስለሆነ የቅጂ መብቱም የሙዚየሙ ነው ማለት አይቻልም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሰዓሊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ የፎቶግራፍ ግን ከተነሳ 25 ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ያረፉት የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቢኖርም፣ ያለ መብቱ ባለቤቶች ፈቃድ መጫን አይቻልም። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ብራና ችግር የለበትም፤ ጠፍጣፋ ገጽን እንዳለ ያነሳ ሰው አዲስ መብት እንደማያገኝ ኮመንስ ይቆጥራል። የመጾር መስቀል ግን ማዕዘንና ብርሃን ተመርጦለት የሚነሳ ስለሆነ የፎቶ አንሺው ፈቃድ የግድ ያስፈልጋል። ፎቶ አንሺ በኮንትራት ሲቀጠር ይህ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ሥራው ካለቀና ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ ፊርማ ማግኘት አድካሚ ነው። የፈቃድ ማረጋገጫው ከተቋሙ ይፋዊ ኢሜይል መላክ አለበት። ማረጋገጫ የለውም የሚል ምልክት የተለጠፈበት ፋይል ከ7 ቀን በኋላ ሊሰረዝ ይችላል።

ሕጉ የፈቀደው ሁሉ ይጫን ማለትም አይደለም። ለምእመን ዓይን እንኳ የማይቀርብ ንዋየ ቅድሳት ለዓለም ሁሉ ሊከፈት አይገባም። አስተዳዳሪውንና ዕቃ ቤት ጠባቂውን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ ሠንጠረዡ እንምጣ። በድረ ገጹ በኩል በአንድ ዙር 50 ፋይል መጫን ይቻላል። ከዚያ በላይ ሲሆን ፓቲፓን የተባለው የጃቫ ፕሮግራም ይሻላል። ፎቶዎቹ ያሉበትን ፎልደር ይመርጣሉ፣ የመግለጫውን ዓይነት (ሥዕል፣ ፎቶግራፍ፣ መጽሐፍ) ይለያሉ፣ እሱም የኤክሴል ሠንጠረዥ ያወጣል። ሠንጠረዡን ሞልተው ሲመልሱለት መርምሮ ይጭናል።

ስህተቱ የሚፈጠረው ሲሞላ ነው። የፋይል ስም ከ240 ባይት መብለጥ የለበትም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የአማርኛ ስም ከነማራዘሚያው (.jpg እንደሚለው) ወደ 80 ፊደል ገደማ ላይ ያበቃል። ካሜራው የሰጠው ቁጥር ብቻ ያለበት ስምም ተቀባይነት የለውም። «የመጾር መስቀል፣ ናስ፣ መዝገብ ቁጥር 0042» ዓይነት ስም በቂ ነው። ኤክሴል ግን 0042ን 42 ስለሚያደርገው፣ የመዝገብ ቁጥሩ ዓምድ ከመሞላቱ በፊት «ጽሑፍ» ተብሎ ይስተካከል።

ከሁሉ የከፋው የቀን ስህተት ነው። የቀን መስኩ የሚጠብቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዋለ፤ ይህም እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1930 ነው። መዝጋቢው መስኩ ላይ 1923 ብሎ ከጻፈ ፎቶው ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ ወዳሉበት ዘመን ይሄዳል፤ ያንን ዓመት አምኖ የሚጽፍ ሰውም አይጠፋም። በመስኩ ላይ 1930-11-02፣ በመግለጫው ውስጥ ደግሞ የኢትዮጵያው ቀን ይጻፍ። ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ከታወቀ አንድ ዓመት መርጦ ከማስገባት «1930 ወይም 1931» ማለት እውነተኛ ነው።

ስለ ፋይሎቹ፦ በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሳ አንድ ገጽ ሳይጨመቅ በቲፍ (ጥራቱን ሳይቀንስ በሚያስቀምጥ የምስል ፋይል ዓይነት) ሲቀመጥ 72 ሜጋባይት ያህል ነው፤ 200 ምስል ያለው ብራና 14 ጊጋባይት ይሻገራል። በእኛ አገር ኔትወርክ ይህ አያዋጣም። ቲፉ በሁለት ሃርድ ዲስክ፣ በሁለት የተለያየ ሕንፃ ይቀመጥ፤ ለኮመንስ ጥራቱ ከፍ ያለ ጄፔግ ይላክ። መብራት ሄዶ ሥራው ቢቋረጥ ኮመንስ አንድ ዓይነት ፋይል ሲያገኝ ስለሚያስጠነቅቅ፣ ድጋሚ የመጫን ስጋቱ ትንሽ ነው። ቪዲዮ በኤምፒ4 አይቀበልም፤ ወደ ዌብኤም መቀየር አለበት። በነገራችን ላይ፣ ሙሉ ብራና ገጽ በገጽ እንዲገለጥ ከተፈለገ ኢንተርኔት አርካይቭ ይበልጥ ይመቻል።

ከተጫነ በኋላ የሚመጣው ጥቅም እውነተኛ ነው። ለእያንዳንዱ ፎቶ እስከ 250 ፊደል የሚደርስ አጭር መግለጫ በአማርኛም በትግርኛም በእንግሊዝኛም ጎን ለጎን ማስገባት ይቻላል። ግላሞረስ የተባለው መሣሪያ የትኛው ፎቶ በየትኛው የዊኪፒዲያ ገጽ ላይ እንደዋለ ይዘረዝራል፤ በጀት ለሚጠይቅ ሙዚየም ይህ ዝርዝር ጥሩ ማስረጃ ነው። የጀርመን ፌደራል ቤተ መዛግብት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 ከ80,000 በላይ ፎቶዎች፣ ረጅሙ ጎናቸው 800 ፒክስል ገደማ የሆኑ፣ ለኮመንስ ሲሰጥ አንባቢዎች የፎቶ መግለጫ ስህተቶችን እየለቀሙ ጠቁመውታል። 800 ፒክስል ለጽሑፍ ማጀቢያ ይበቃል፤ የብራና ጽሑፍ ለማንበብ ግን አይበቃም።

የእርማቱ ጉዳይ አስቀድሞ ሰው ይመደብለት። ኮመንስ ላይ መግለጫውን ማንም ሊያርመው ይችላል፤ እርማቱ ግን ወደ ሙዚየሙ መዝገብ በራሱ አይመጣም። አንድ ሠራተኛ በራሱ ስም አካውንት ከፍቶ፣ የተጫኑትን ፋይሎች በክትትል ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለውጦቹን ይይ፤ ትክክል የሆነውን ከነቀኑ ወደ መዝገቡ ያስገባ፣ ስህተት የሆነውን እዚያው ያስተካክል።