የ1998 ፎርራነር ኦቶማቲክ ካምቢዮ፦ ዘይቱና ኦይል ሲሎቹ በቤት ከተቀየሩ ከወራት በኋላ

መኪናው የ1998 (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ ፎርራነር ነው። ሞተሩ 3.4 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሲሆን ኃይሉን ለአራቱም ጎማ የሚያስተላልፈው ኤ340ኤፍ የተባለው ባለ አራት ማርሽ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ባለፈው ጥቅምት ቨርጂኒያ በሚገኘው ቤቴ ደጃፍ ላይ የካምቢዮውን ዘይት፣ ማጣሪያውን፣ የኮፓውን (ከሥር ያለውን የዘይት ገንዳ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያ፣ እንዲሁም የማርሽ መምረጫውን ዘንግ ሁለት ኦይል ሲሎች (በዘንጉ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዙ የጎማ ቀለበቶች) ቀይሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ መኪናው የብርዱንም የሙቀቱንም ወራት ስላለፈ አሁን ፍርድ መስጠት ይቻላል። ባጭሩ መስማት ለሚፈልግ፣ ኦይል ሲሎቹ እስከ ዛሬ አያፈስሱም፤ በብርድ ጠዋት ማርሽ ሲቀየር የሚሰማው መንገጫገጭ በጣም ቀንሷል፤ ከፒ (ማቆሚያ) ወደ አር (የኋላ ማርሽ) ሲገባ የነበረው መዘግየት ግን እንዳለ ነው። ይህን የመጨረሻውን አዲስ ዘይት ያድነዋል ብዬም አልጠበቅኩም፤ ከካምቢዮው ውስጥ ያሉት የጎማ ማሸጊያዎች ከሃያ ዓመት በላይ ሙቀት ውስጥ ኖረው ደርቀዋል፤ እነርሱን ለመቀየር ደግሞ ካምቢዮው ወርዶ መፈታት አለበት።

ሥራውን ያስጀመረኝ ሌሊት መሬት ላይ የሚቀረው ቀይ ጠብታ ነው። የካምቢዮ ዘይት በሚነዳበት ጊዜ ሳይሆን ቆሞ ሲያድር የሚንጠባጠበው ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተሩ ሲጠፋ በቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው በሚያሻግረው ክፍል) እና በመተላለፊያዎቹ ውስጥ የነበረው ዘይት ቀስ በቀስ ወደ ታች ይመለሳል፤ በኮፓው ውስጥ ያለው ልክ ከፍ ይልና በሥራ ሰዓት ዘይት የማይደርስባቸውን ቦታዎች ይነካል። ስለዚህ ጠብታው ያረፈበትን ብቻ አይቶ ጥፋተኛውን መለየት አይቻልም፤ በጉዞ ላይ ነፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ እየጎተተ የካምቢዮውን ሆድ በሙሉ ያለብሰዋልና። እኔ ያደረግኩት ሥሩን በቅባት ማጽጃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ጥቂት ነድቼ፣ ከዚያ በባትሪ ብርሃን ማየት ነበር። ዘይቱ ከሁለት ቦታ ነበር የሚመጣው፦ ከኮፓው ጓርኒሲዮን የኋላ ጥግ እና የማርሽ መምረጫው ዘንግ ከካምቢዮው አካል ከሚወጣበት። ይህ ሁለተኛው በዚህ የካምቢዮ ቤተሰብ ላይ በዕድሜ የሚታወቅ ነገር ሲሆን ብዙ ሰው የኮፓው ነው ብሎ ጓርኒሲዮን ደጋግሞ ይቀይርበታል።

ዘይቱን መምረጥ ከጠበቅኩት በላይ ንባብ ጠይቋል። የመኪናው መመሪያ የሚያዘው ዴክስሮን 2 ወይም 3 የተባለውን የካምቢዮ ዘይት ደረጃ ነው። ይሁን እንጂ የዴክስሮን ስም ባለቤት የሆነው ጄኔራል ሞተርስ ለዴክስሮን 3 ፈቃድ መስጠት በ2006 መጨረሻ አቁሟል፤ ዛሬ በመደርደሪያ ላይ ዴክስሮን 3 የሚል ጽሑፍ የያዘ ጠርሙስ ሁሉ ያንን ደረጃ አሟላለሁ የሚለው በአምራቹ ቃል ብቻ እንጂ በፈቃድ አይደለም። ተተኪው ዴክስሮን 6 ቀጠን ያለ ነው፤ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ የውፍረት ጣሪያው 6.4 ሴንቲስቶክ ሲሆን የቀድሞው ከ7 በላይ ነበር። ቀጭን ዘይት በብርድ ፈጥኖ ይዘዋወራል፤ በአሮጌ ካምቢዮ ውስጥ ግን ባረጁ የጎማ ማሸጊያዎች በኩል ግፊት እንዳያመልጥ የሚሰጉ መካኒኮች አሉ፤ ስጋታቸው መሠረት የለውም አልልም። እኔ የመረጥኩት ቫልቮሊን ማክስላይፍ የተባለውን ለብዙ ዓይነት መኪና የሚሆን ሙሉ ሲንተቲክ ዘይት ነው፤ አምራቹ ለዴክስሮን 3 ቦታ እንደሚሆን ይገልጻል፣ ጎማን የሚያለሰልስ ንጥረ ነገርም አለበት። ኦይል ሲሎቹን ግን ከቶዮታ የዕቃ መደብር ገዛሁ፤ ዋጋቸው ትንሽ ስለሆነ እዚያ ላይ ለመቆጠብ መሞከር ትርጉም የለውም። አዲስ አበባ ሆነው ይህን የሚያነቡ የራቭ ፎር ባለቤቶች፣ የእናንተ ካምቢዮ ሌላ ስለሆነ ከዚህ በታች ያሉትን ልኮች ለራሳችሁ መኪና አትውሰዱ።

አሁን ወደ ልኩ። የዚህ ካምቢዮ ጠቅላላ ዘይት ወደ 10 ሊትር ይጠጋል፤ የማፍሰሻው ቡሎን ሲከፈት ግን የሚወርደው 2 ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ማፍሰሻ በሌለው ቶርክ ኮንቨርተር፣ በቱቦዎችና በማቀዝቀዣው ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ አፍስሶ የሞላ ሰው የቀየረው አንድ አምስተኛውን ነው። ሁለተኛው ዙር አዲሱን ዘይት ወደ 36 በመቶ ያደርሰዋል፣ ሦስተኛው ወደ 49፣ አራተኛው ወደ 59፤ እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው ያነሰ የሚጨምረው፣ የሚፈሰው ራሱ በከፊል አዲስ እየሆነ ስለሚሄድ ነው። ዘይቱን በአንድ ቀን ሙሉ ለሙሉ ለመለወጥ የሚሻ ሰው ከማቀዝቀዣው የሚመለሰውን ቱቦ ፈትቶ የካምቢዮውን ፓምፕ ራሱን እያሠራ በሊትር እየቀዳ መተካት ይችላል፤ አሠራሩ ትክክል ነው፣ ነገር ግን አንድ ሰው መሪ ላይ ሌላው ሥር መሆን አለባቸው። እኔ በየጥቂት ሳምንቱ ማፍሰስና መሙላትን መረጥኩ፤ በመካከሉ መኪናው ስለሚነዳ ለውጡን ደረጃ በደረጃ ማየት ይቻላልና።

«አሮጌ ካምቢዮ አዲስ ዘይት ካገኘ ይሞታል» የሚለውን ምክር ያልሰማ የለም። እንደ እኔ ግምት ነገሩ የተገለባበጠ ነው፦ ብዙ ሰው ዘይቱን ለመቀየር የሚያስበው ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ያ ካምቢዮ ከሳምንታት በኋላ ሲቆም ጥፋቱ በአዲሱ ዘይት ላይ ይለጠፋል። በግፊት በሚሠራ ማጠቢያ ማሽን ዓመታት የተጠራቀመን ዝቃጭ መበተን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚያ እኔም አልስማማም። የእኔ ዘይት ሲወርድ ጠቁሮ ወደ ቡና ዓይነት ያደላ ነበር፣ የተቃጠለ ሽታ ግን አልነበረውም፤ ሽታ ቢኖረው ኖሮ ሥራውን እዚያው አቁሜ ወደ ባለሙያ እወስደው ነበር።

ኮፓው ሲወርድ መጀመሪያ የሚታዩት ማግኔቶቹ ናቸው። በላያቸው ላይ የተለጠፈው ግራጫ፣ በጣት ሲፈተግ እንደ ጭቃ የሚላላ ብናኝ ከሆነ የዕድሜ መበላት ነው፤ ጥፍር የሚይዘው የብረት ፍርፋሪ ከተገኘ ግን የተሰበረ ነገር አለ። የእኔው የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። ከእኔ በፊት የከፈተው ሰው የቡሽ ጓርኒሲዮን አስገብቶ ቡሎኖቹን ከልክ በላይ በማጥበቁ ቡሹ በቡሎኖቹ መካከል ወደ ውጭ ተገፍቶ ነበር፤ የኮፓው ከንፈርም በየቀዳዳው ዙሪያ ጎብጧል። ከንፈሩን ጠፍጣፋ ብረት ላይ አስደግፎ በመዶሻ ቀስ እያሉ ማስተካከል ያስፈልጋል፣ ካልሆነ ማንኛውም ጓርኒሲዮን አይዝም። የእነዚህ ቡሎኖች ማጥበቂያ ከ7 ኒውተን ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ብቻ ነው፤ ትልቅ ቶርክ ሬንች ይህን ያህል ትንሽ ኃይል በትክክል ስለማያሳይ ትንሹን መዋስ ወይም መግዛት ይሻላል። የማፍሰሻው ቡሎን 20 ኒውተን ሜትር ያህል ሲሆን ቀለበቱ በየጊዜው አዲስ መሆን አለበት።

ከሁሉ በላይ ትዕግሥት የጠየቀው የመምረጫው ዘንግ ኦይል ሲል ነው። ማርሹ ኤን (ነጻ) ላይ ስለሚቀመጥ መኪናው በካምቢዮ አይያዝም፤ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ ጎማዎቹ ሥር ታኮ አስገብቶ፣ መኪናውን በብረት መቆሚያ ላይ አሳርፎ መሥራት እንጂ በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ሥሩ መግባት ፈጽሞ አይሞከርም። የመምረጫው ማንሻ ከተፈታ በኋላ መኪናው በፒ እና በኤን ብቻ እንዲነሳ የሚያደርገው ስዊች ይመጣል፤ ነቱን የሚያስረው የቆርቆሮ ቀለበት ጥርሱ ተቀልብሶ ስለሚያዝ በቀጭን ካቻቢቴ ማቃናት ግድ ነው። ስዊቹ በዘንጉ ላይ ተንሸራቶ ሲወጣ ኦይል ሲሉ ይታያል። የእኔው ጎማ እንደ ፕላስቲክ ደርቆ ነበር፣ በጥፍር ሲጫን አይረግብም። እዚህ ላይ የሚያስፈራው ኦይል ሲሉን ማውጣቱ ሳይሆን ሲወጣ ዘንጉን መቧጨር ነው፤ ዘንጉ ላይ የቀረ ጭረት አዲሱንም ያፈስሳል። ስለዚህ ስል መንጠቆ በውጭኛው ጠርዝ በኩል ብቻ ገብቶ፣ ጥቂት በጥቂት ከዙሪያው እየተነቀለ መውጣት አለበት። አዲሱ ከመግባቱ በፊት የዘንጉን ጥርስ በቀጭን ቴፕ ጠቅልዬ፣ የኦይል ሲሉን ከንፈር ቫዝሊን ቀብቼ፣ በልኩ በሆነ ረጅም ሶኬት እየመታሁ ከካምቢዮው ፊት ጋር እኩል እስኪሆን አስገባሁት። በዘንጉ ሌላኛው ጫፍ ያለው ሁለተኛው ሥራው ተመሳሳይ ነው። ስዊቹ ሲመለስ በላዩ ያለው መስመር ከኤን ምልክት ጋር መግጠም አለበት፤ ከዚያ መኪናው በዲ እንደማይነሳ፣ በአር የኋላ መብራቱ እንደሚበራ አረጋግጦ መጨረስ ነው።

ዘይቱን ሲሞሉ በዘይት መለኪያው ላይ ያለውን የቀዝቃዛውን ምልክት ማመን አይገባም። ትክክለኛው ልክ የሚነበበው ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲሞቅ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ መምረጫው ከፒ እስከ ኤል ድረስ ወርዶ ወደ ፒ ከተመለሰ በኋላ ነው። ሙቀቱን የሚያሳይ ጌጅ ስለሌለ ርቀት ላይ የሚለካ ቴርሞሜትር ወደ ኮፓው አነጣጥሬ ነው የምለካው። የበዛ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ ያነሰ ደግሞ ካምቢዮውን ያንሸራትታል።

በዚህ መኪና ላይ ስለ ካምቢዮ ዘይት ጽፎ ራዲያተሩን አለማንሳት አይቻልም። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ የታችኛ ታንክ ውስጥ በሚያልፍ ትንሽ ማቀዝቀዣ ነው። በዕድሜ ብዛት በዘይቱና በውሃው መካከል ያለው መለያ ሲከፈት ኩላንት (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ) ወደ ካምቢዮው ይገባል፤ ዘይቱም የእንጆሪ ወተት መልክ ያለው ሮዝ አረፋ ይሆናል። በኩላንቱ ውስጥ ያሉት ውሃና ግላይኮል በክላች ሳህኖች ላይ ያለውን ሽፋን የያዘውን ሙጫ ስለሚያላቅቁት፣ ዘይቱ ወዲያው ቢታጠብም ካምቢዮው ብዙ ጊዜ አይተርፍም። የእኔው በሚመደብበት በሦስተኛው ትውልድ ፎርራነር ባለቤቶች ዘንድ በሚገባ የታወቀ ችግር ነው። የእኔ ራዲያተር ገና አልከፈተም ነበር፤ ያም ሆኖ አዲስ ዘይትና ኦይል ሲል ገዝቶ በስተርጅና ያለን ራዲያተር መተው ገንዘብን ለአደጋ ማስያዝ ስለመሰለኝ አብሬ ቀየርኩት። አንዳንዶች ራዲያተሩን ጨርሰው አልፈው ዘይቱን በውጭ ማቀዝቀዣ ብቻ ያዞሩታል። ሙቅ አገር ላለ ሰው መልካም ሐሳብ ነው። ውሃ በሚረጋበት ብርድ ግን ራዲያተሩ ዘይቱን ማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን ፈጥኖ ማሞቅም ሥራው ስለሆነ፣ እኔ በነበረበት መተውን መርጫለሁ።

ከወራት በኋላ ያለው ሁኔታ እንዲህ ነው። በጥር ብርድ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ማርሽ የሚደረገው ለውጥ ቀድሞ የመኪናውን አፍንጫ የሚያነሳ ግፊት ነበረው፤ አሁን ጆሮ ሰጥቶ ላልጠበቀው አይሰማም። ይህ ለውጥ የመጣው ከመጀመሪያው ዙር ሳይሆን ከሦስተኛው በኋላ ነው፤ አንድ ጊዜ አፍስሶ ልዩነት አጣሁ የሚል ሰው ፍርዱን ያቆይ። ሞቃቱ ሲገባ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ባለው ስካይላይን ድራይቭ በተባለው የተራራ መንገድ ላይ ቤተሰብና ዕቃ ጭኜ ወጣሁ፤ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ስለሆነ ቶርክ ኮንቨርተሩ ሳይቆለፍ (ሞተሩንና ካምቢዮውን በቀጥታ ሳያያይዝ) ረጅም ዳገት የሚያስወጣ፣ ለካምቢዮ ሙቀት ጥሩ ፈተና የሆነ መንገድ ነው። የዘይት ሙቀት ማስጠንቀቂያ መብራቱ አልበራም፣ ስመለስም ዘይቱ አሁንም ጥርት ያለ ቀይ ነበር።

ኮፓው ግን እንደ ኦይል ሲሎቹ አላረካኝም። ካንድ የዕቃ ሻጭ የገዛሁት የጎማ ጓርኒሲዮን ከጥቂት ወራት በኋላ በኋለኛው ጥግ እንደ ላብ ቸፍ ማለት ጀምሯል፤ መሬት ላይ አይደርስም፣ በጨርቅ ሲጠረግ ግን ይታያል። ቡሎኖቹን ልካቸው ላይ አገኘኋቸው፣ ስለዚህ የሚጠረጠረው ጓርኒሲዮኑ ወይም ያቀናሁት ከንፈር ነው።

ስለ ወጪ፣ ዘይቱን ስገዛ በጋሎን ከ20 ዶላር ትንሽ ከፍ ይል ነበር፤ ሁሉንም ዙር፣ ማጣሪያውን፣ ጓርኒሲዮኑንና ኦይል ሲሎቹን ደምሬ፣ ራዲያተሩን ሳልጨምር፣ አንድ ወርክሾፕ ለኦይል ሲሎቹ ሥራ ብቻ ከጠየቀኝ በታች ነው የወጣው። የተቀዳውን ዘይት በተከደነ ዕቃ አጠራቅሜ አውቶዞን ለተባለው የመኪና ዕቃ መደብር ሰጠሁ፤ ያለ ክፍያ ይቀበላሉ። ብረት መቆሚያ የሌለው፣ ወይም መኪናው በሥራ ቀን ጠዋት የግድ የሚያስፈልገው ሰው የዘይቱን ዙሮች ራሱ ሠርቶ የዘንጉን ኦይል ሲሎች ለመካኒክ ቢተው እመርጣለሁ። የኮፓውን ጉዳይ በተመለከተ፣ በሚቀጥለው ማፍሰሻ ጊዜ ጓርኒሲዮኑን ትቼ ፋብሪካው በሚጠቀምበት ዓይነት ፈሳሽ ማሸጊያ ልዘጋው አስቤአለሁ፤ እስከዚያ በየወሩ ጨርቅ እያሳረፍኩበት የዘይቱን ልክ እከታተላለሁ።